ከዘጉ በኋላ አንድ ምት

በሽር ብረቱን ነከሰ።

ዘንጉን ከመሬት ብቅ ባለው የአሮጌ ቧንቧ ጉቶ ላይ አቁሞ ላይኛውን ጫፍ በፊት ጥርሶቹ ያዘ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ትንፋሹንም ዋጠ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ተዳፋቱን እንዳለ ሸፍኖት ስለነበር፣ ስልሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰው በማለዳ ብረት ሲበላ የሚያየው አልነበረም። ቢያዩትማ ኖሮ ወሬው እስከ ቀትር የደሴን ሆጤ አዳርሶ ፒያሳ ይደርስ ነበር።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ አንድ ነገር ከጥርሱ ሥር ገብቶ መንጋጋውን ያዘና ወደ ጆሮው ጀርባ ወጣ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ዝም። እንደገና ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ዝም።

«አዑዙ ቢላህ!» አለ፤ ብረቱን ከአፉ አወጣው።

ይህ ቧንቧ የሞተ ቧንቧ ነው። አዲሱ የፕላስቲክ መስመር በአጠገቡ ሲዘረጋ ከላይም ከታችም ተቆርጦ እዚያው አፈር ውስጥ ቀርቷል። የቆረጠውም፣ የታችኛውን አፍ በሲሚንቶ የደፈነውም ራሱ በሽር ነው። ደግሞ ይህ የውሃ ድምፅ አይደለም። ውሃ ያጉረመርማል፣ ያፏጫል፣ ሲብስበትም ቧንቧውን ያንኳኳል፤ ግን አይቆጥርም። ይኼኛው ሦስት ቆጥሮ ያርፍና እንደገና ሦስት ይቆጥራል። ሦስት ምት ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ዛሬ በሕይወት ካሉት ሰዎች የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ዘንጉን በብብቱ ሸጉጦ ተቀመጠ።

በሽር የውሃ መሥሪያ ቤቱ ጆሮ ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራው ማዳመጥ ነበር። ቧንቧ ከመሬት ሥር ፈንድቶ ውሃው የት እንደገባ ሲጠፋ ይጠሩታል፤ ይመጣል፤ ዘንጉን አስፋልቱ ላይ አቁሞ ጆሮውን ይለጥፍና ሁለት እርምጃ ወዲያ፣ አንድ እርምጃ ወዲህ ብሎ «እዚህ ጋ ቆፍሩ» ይላል። ቆፍረው አጥተውት አያውቁም። አንዳንዱ ሰው ጅን ነው የሚነግረው ይል ነበር፤ እሱም ደስ ይለው ስለነበር አያስተባብልም።

ታዲያ ያ ጆሮ ከሁለት ዓመት ወዲህ የለም። በመጀመሪያ የሩቁ አዛን ጠፋው። ቀጥሎ በቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ። በመጨረሻ ሚስቱ ብዙዬ ከጓዳ ስትጠራው «አቤት» ማለት ተወና ነገሩ ታወቀ። ደሴ ላይ ቢታከም ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቢሮ እንደሚገባ ስለሚያውቅ ኮምቦልቻ ወረደ። የማያውቀው ሐኪም ሹካ የምትመስል ብረት አንኳኩቶ ከጆሮው ኋላ አጥንት ላይ ሲያስቀምጥለት፣ የጠፋው ድምፅ ሁሉ ተመልሶ ጭንቅላቱን ሞላው። በሽር እዚያው ወንበር ላይ አለቀሰ። ሐኪሙ በወረቀት ጻፈለት። የተዘጋው መንገዱ ነው፤ አጥንትዎ ግን ይሰማል፤ አዲስ አበባ ሄደው ቀዶ ጥገና ያድርጉ ይላል።

ከጡረታ በኋላ አለ በሽር። የዚያኑ ዕለት ማታ ዘንጉን ነከሰና የጎረቤቱን ቆጣሪ ሲዞር ሰማ። ከዚያ ወዲያ ሰው ፊት ጆሮውን ይለጥፋል፤ ሰው ዞር ሲልለት ይነክሳል። የሰውን ወሬ ከከንፈር እያነበበ ይመልሳል። ብዙዬ «ንገራቸውና ተገላገል» ስትለው ቀኑን እየቆጠረ ይመልስላት ነበር። ዛሬ የቀረው አራት ሳምንት ነው። የከተማው ጆሮ ደንቆሮ ነው ከተባለ መሳቂያ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የፈረመው ወረቀት ሁሉ ይመዘዝበታል።

ዛሬ ደግሞ ትልቁ ወረቀት ነበር። ከተዳፋቱ ማዶ፣ በኮረብታው ወገብ ላይ፣ ዩኒቨርሲቲው ያሠራው አዲስ የተማሪዎች መኖሪያ ቆሟል። መንግሥት ለሕንፃው፣ ለመንገዱና ለዚህ ውሃ ስንት ዓመት በጀት ሲይዝ ኖሯል። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ እንግዶች መጥተው ሪባን ይቆርጣሉ፤ ቀጥሎ ግቢው ውስጥ ባለው ቧንቧ እጃቸውን ይታጠባሉ። ከዚያ በፊት በሽር መስመሩን ከላይኛው የውሃ ጋን እስከ ግቢው አዳምጦ «ምንም ድምፅ የለም» በሚለው ቅጽ ላይ መፈረም አለበት። ያለ አዳማጭ ፊርማ አዲስ መስመር አይከፈትም። ይህ ደንብ የወጣው ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት፣ በዚሁ ተዳፋት ላይ ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

አንድ እጅ ትከሻውን ነካው። ዘሎ ተነሳ።

ኢስራ ነበረች፤ የመስመሩ መሐንዲስ። ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ወጥታ ሥራ ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። በአንገቷ የጆሮ ማዳመጫ፣ በእጇ እንደ ብረት ድስት የከበደ የማዳመጫ መሣሪያ ይዛለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ጉሙ መሀላቸው ስለገባ የመጀመሪያውን ቃል አጣው።

«...ስጠራዎት እኮ ነው! ሦስቴ ጠራሁዎት፣ ጋሽ በሽር።»

«በሐሳብ ሄጄ ነው፣ ልጄ።»

«እኔ እስከ ግቢው በር አዳምጬ መጣሁ። ንጹሕ ነው፤ አንዲት ጠብታ የለም። ግፊቱም በሦስቱ የሙከራ ቀናት የወረደው ከሚፈቀደው በታች ነው።» ሳቅ አለች። «እስቲ የእርስዎ ጅን ምን ይላል?»

በሽር ጉቶውን በአገጩ አመለከታት። «እሱን አዳምጪልኝ።»

«እሱማ ሞቷል አላሉኝም?»

«ብያለሁ። አንቺ ግን አዳምጪው።»

ግራ እየገባት መሣሪያውን ጉቶው ላይ አስቀመጠች፤ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። በሽር ፊቷን አላመነም፤ ዓይኗን ነው ያየው። ዓይኗ አልተለወጠም። ትንሽ ቆይታ ራሷን ነቀነቀች።

«ምንም የለም። እንኳን ውሃ ነፋስም የለም።» ቅጹንና ስክሪብቶውን ከቦርሳዋ አወጣች። ስልኳ እጇ ላይ በርቶ ጠፋ፤ አየችው፤ ተነፈሰች። «አለቃችን ጋሽ ጸጋው ነው፤ እንግዶቹ ከሆቴል ሊነሡ ነው። መጀመሪያ ይፈርሙልኝ፤ ከዚያ እየወረድን በቀስታ ያዳምጣሉ። ወረቀቱ ከሰዎቹ ቀድሞ ግቢ መግባት አለበት።»

በሽር ስክሪብቶውን ተቀበለ። ጣቱ መፈረሚያው መስመር ላይ ደረሰ። መጀመሪያ ይፈርሙ፣ ከዚያ ያዳምጣሉ። ይህችን ነገር ያውቃታል። ወላሂ፣ ከራሱ ስም አብልጦ ያውቃታል።

ሞባይል ባልነበረበት ዘመን የቧንቧ ሠራተኛ የሚነጋገረው በቧንቧው ነበር። አንዱ ላይ ቫልቩ ጋ ይቆማል፤ ሌላው ታች ጉድጓዱ ጋ። ታች ያለው ብረቱን ሦስት ከመታ ዝጋ ማለት ነው። ላይ ያለው ይዘጋል፤ ዘግቶ ሲጨርስ አንድ ይመታል፤ ዘግቻለሁ፣ ግባ ማለት ነው። ታች ያለው ጉድጓድ ገብቶ ጠግኖ ሲወጣ ሁለት ይመታል፤ ወጥቻለሁ፣ ክፈት ማለት ነው። ይህን ያስተማረው አባ መሕሙድ ነው። አባ መሕሙድ ከጉንጩ ጦስኝ የማይለይ፣ ሲሠራ መንዙማ የሚያንጎራጉር፣ ሲቆጣ ደግሞ መግቢያ የሚያሳጣ ሰው ነበር።

«ልብ አድርግ፣ አንተ ልጅ» ይለው ነበር። «አንዷ ምት ከዘጋህ በኋላ ናት። እኔ ቢስሚላህ ብዬ የምገባው በአንተ ምት ነው።»

ያን ዕለት ሐምሌ ነበር። ዝናቡ ሰማዩ የተቀደደ እስኪመስል ይወርዳል፤ የበሽር ጣቶች ደንዝዘዋል። ሦስቱ ምት መጣ። በሽር ቁልፉን አነሣና፣ ሽማግሌው በዝናብ እንዳይጠብቀኝ ብሎ አስቀድሞ አንድ መታ። አሁኑኑ እዘጋው የለም ወይ ብሎ። ቁልፉ ከእጁ አመለጠና ውሃ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። በእጁ ሲዳብስ፣ ሲዳብስ፣ አግኝቶ እስኪዘጋ ድረስ ተዳፋቱ ታች ተንዶ አባ መሕሙድን ከነጉድጓዱ ቀብሯል።

ዝናቡ ነው አሉ። ጀናዛው ላይ ማንም ምንም አልጠየቀውም። እሱም ለማንም አልተናገረም፤ ለብዙዬም ጭምር። ከዚያ ቀን ወዲህ በየትኛውም ቧንቧ ላይ ጆሮውን ሲለጥፍ፣ ከሁሉ በፊት የሚያዳምጠው ያን ሳይመጣ የቀረውን ሁለት ምት ነበር።

ስክሪብቶውን ደረት ኪሱ ከተተው።

«ወደ ከሪማ ቤት እንውረድ» አለ።

«ጋሽ በሽር!»

«አሥር ደቂቃ ነው። አብሽሪ።»

ከሪማ ቤቷ ከተዳፋቱ ግርጌ ነው፤ መንገዱ ሲሠራ በተገነባው የድጋፍ ግንብ ጥግ። ግንቡ ሥር በረድፍ ስድስት ቤት አለ፤ የእሷ የመጀመሪያው ነው። ባሏ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፤ በሳምንት አንዴ ይመጣል። እሷ ከሁለት ልጆቿና ከአማቷ ጋር ትኖራለች። በሽርን የምታውቀው ደጇ ላይ የነበረው ቦኖ በተሰበረ ቁጥር እየተመላለሰ ስለሚጠግንላት ነው።

በር ላይ ቆማ አገኟት፤ ምንጣፏን ገመድ ላይ አስጥታለች። ፀሐይ በሌለበት ጉም።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሽ በሽር። አላህ ነው ያመጣዎት። ወለሌን ይዩልኝ እስቲ።»

ገቡ። የአፈሩ ወለል ርሶ ነበር፤ ተረግጦ የቆየ ሊጥ መስሎ ጫማ ይይዛል። የኋለኛው ግድግዳ እስከ ጉልበት ድረስ ጠቁሯል።

«መቼ ጀመረ?» አለ በሽር፣ ከንፈሯን እየተከታተለ።

«ሦስት ቀኑ። ለቀበሌ ነገርኩ፤ የክረምቱ ውሃ ነው አሉኝ።» ከሪማ ወደ ኢስራ አየት አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ በሽር ዝቅ ማድረጓን ያወቀው ከትከሻዋ ነው። «ግን የእናንተ ሰው ነው ከሥር የሚሠራው?»

«ከምን ሥር?»

«ከአልጋው ሥር ነዋ። ጋደም ስንል ያንኳኳል። አማቴ፣ አውልያዎቹ የወዳጃ ዱዓ ተቀምጠው እያጨበጨቡ ነው ብላ ዱዓ ታደርጋለች። እኔ ግን ሰው ነው የመሰለኝ። መትቶ መትቶ ዝም ይላል፤ የሚሰማው ሰው እንዳለ የሚጠብቅ ይመስላል። ሰው ካለ ምናለ ወጥቶ ሻይ ቢጠጣ ብዬ ነበር።»

ኢስራ ልትስቅ ጀምራ ተወችው።

«ስንት ጊዜ ነው የሚመታው?» አለ በሽር።

«ሦስት። ሁልጊዜም ሦስት።»

በሽር ወጥቶ ወደ ግንቡ ሄደ። በግንቡ ሆድ ላይ ዝናብ እንዲተነፍስበት የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ። ከሁሉም የታችኛው ውሃ ይተፋ ነበር። እጁን ዘረጋበት። ውሃው ቀይ ነው፤ መዳፉ ላይ ጭቃ ተወለት። ንጹሕ ውሃ ቢሆን ባልፈራ። ቀይ ውሃ ግን አፈር ይዞ ነው የሚወጣው፤ ከግንቡ ጀርባ ያለው መሬት ከውስጥ እየተበላ ነው ማለት ነው። አሮጌው ቧንቧ የተደፈነውም እዚሁ ግንብ ጀርባ ነው።

መዳፉን ለኢስራ አሳያት። «አዲሱ መስመርሽ አሮጌውን የሚሻገርበት ቦታ አለ። እዚያ ጋ አፍስሷል። ውሃው በአሮጌው ዝገት ገብቶ፣ በሆዱ ተጉዞ እዚህ ይወጣል። ላዩ ደረቅ ነው፤ መሣሪያሽም የሚሰማው የለም።»

«ይሆናል» አለች ኢስራ። ጥያቄው ግን ፊቷ ላይ ነበር። «ይሆናል፤ ግምት ነው። ሰኔና ሐምሌን ሙሉ ዘንቧል፤ ይህ ተዳፋት ሁሌም ያለቅሳል። በግምት እንግዳ ልመልስ?»

«ዝጊው። ከተዘጋ በኋላ ይታያል።»

ስልኳ እንደገና በራ። አናገረች፤ ጀርባዋን ሰጥታው ስለነበር ምን እንዳለች አላወቀም። ስትዞር ፊቷ ቀልቷል።

«እንግዶቹ ተነሥተዋል። ጋሽ ጸጋው፣ ፊርማው ምን ሆነ ይላል። ሰማሁ የሚሉትን ምን ብዬ ልንገረው? እኔ አዳመጥኩ፣ ምንም የለም። እርስዎ ምኑን ሰሙ? በየትኛው ጆሮ?»

ይህን የተናገረችው በንዴት ነው፤ ምንም አስባ አይደለም። ከሪማ ምንጣፏን እንደያዘች ታያቸዋለች። ከኋላዋ የአማቷ ነጭ ሻሽ በሩ ጨለማ ውስጥ ይታያል። ዝም ቢል የሚያልፍ ነገር ነበር። ፈርሞ፣ አራት ሳምንት ቆጥሮ፣ ጡረታውን ይዞ ሙቀቱን ፍለጋ ኮምቦልቻ መውረድ ይችል ነበር። ስድስት ቤት ነው። ልጆች አሉበት።

«በየትኛውም» አለ።

«ምን?»

«በየትኛውም ጆሮ አልሰማሁም። ሁለቱም ከሞቱ ሁለት ዓመታቸው ነው። አሁን የምትዪውን ከከንፈርሽ ነው የማነበው። ጠዋት ሦስቴ ስትጠሪኝ ያልዞርኩት በሐሳብ ሄጄ አይደለም።» ዘንጉን አነሣና ጫፉ ላይ ያለውን የጥርስ ምልክት አሳያት። «በዚህ ነው የምሰማው። በአጥንቴ።»

ኢስራ የተናገረችውን በደንብ አነበበው።

«ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ነበር የሚፈርሙት?»

ወደ ከሪማ ዞረ። «ልጆቹንም አሮጊቷንም ይዘሽ ውጪ። ጎረቤቶችሽንም ጥሪ፤ መንገዱን ተሻግራችሁ ቁሙ። ዕቃ አታንሡ።»

ከሪማ ማስረጃ አልጠየቀችም። «ኧረ በአላህ!» ብላ ወደ ውስጥ ሮጠች።

በሽር ዳገቱን ተያያዘው። ጉሙ እየወፈረ መጥቶ መንገዱ ከሁለት እርምጃ በላይ አይታይም። ምንም አይሰማም፤ የራሱ ትንፋሽ ብቻ ደረቱ ውስጥ ይፈጫል። አንዴ የሰው ኮቴ ከፊቱ የሚወጣ መሰለው። ኮቴ መስማት አይችልም፤ ግን መሬቱ እግሩ ሥር ሲረገጥ ተሰማው፤ ረጅም የሽማግሌ እርምጃ። ቆመ፤ ያም ቆመ። ጦስኝ ሸተተው። በዚህ ተዳፋት ላይ ጦስኝ ይበቅላል፤ ይህን ያውቃል፤ ቢሆንም ከቁርኣን አያተል ኩርሲውን እየቀራ ወጣ።

ኢስራ ከጉቶው አጠገብ፣ የቫልቩ ማንሆል ጋ ደረሰችበት። ክንዱን ያዘችው።

«ከዘጉት ጉድ ነው የሚፈላው፣ ጋሽ በሽር። እንግዶቹ በር ላይ ናቸው። ቧንቧው ባዶ ከሆነ እርስዎንም እኔንም ነው የሚያባርሩን። እባክዎ፤ ሥነ ሥርዓቱ ይለቅና በኋላ እንዝጋው። አንድ ሰዓት ብቻ።»

«አንድ ሰዓት ብዙ ነው» አለ በሽር። «ከዚህ በፊት በአምስት ደቂቃ ሰው ቀብሬያለሁ።»

ከዚያ ነገራት። ክዳኑን እያነሣ፣ ፊቷን ሳያይ፣ ብትመልስለትም ሳይሰማ ነገራት። ሦስት ምት ዝጋ መሆኑን፣ አንድ ምት ዘግቻለሁ መሆኑን፣ አንዷን አስቀድሞ መምታቱን፣ ሐምሌን፣ የወደቀውን ቁልፍ፣ አባ መሕሙድን። ሃያ ስምንት ዓመት የያዘው ነገር ለመውጣት ያን ያህል አልፈጀም። ሲጠብቀው ስለኖረው ሁለት ምት ግን አላነሣም። ያ የእሱ ብቻ ነበር።

ከማንሆሉ ጥግ ቁልፉንና መዶሻውን አወጣ፤ ቁልፉን ቫልቩ ራስ ላይ አጠለቀና ገመዱን ከእጁ አንጓ ጋር አሰረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳያስር ይዞ አያውቅም። «ቢስሚላህ» ብሎ መዞር ጀመረ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ይህ ቫልቭ ሃያ ስድስት ዙር ነው የሚፈልገው። በአሥራ አራተኛው ከበደ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ እንደ ታሰረች ጫጩት ተንፈራገጠ፤ አረፈ፤ እንደገና ተንፈራገጠ። ጸጋው ነው። በሃያኛው ትከሻው እምቢ አለ። ዘንጉን ሲደርስ ጉቶው ላይ አስደግፎት ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ነከሰው። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። አሁን ፈጥኗል። የሚመታው ሰው እንደ ተጨነቀ ያስታውቃል።

ቁልፉ ቫልቩ ላይ ነበር፤ መዶሻው አጠገቡ። አንዷን ልምታና ልረፍ፣ ከዚያ እጨርሰዋለሁ የሚል ሐሳብ መጣበት። ያው ሐሳብ። ሳይለወጥ፣ ሳያረጅ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ የጠበቀው ያው የድሮው ሐሳብ።

«የለም!» አለ ጮክ ብሎ። «አሁንስ አልሰማህም!»

በሃያ አንድ ላይ ሌላ እጅ ቁልፉን ያዘ። ኢስራ ጫማዋን ጭቃው ውስጥ ተክላ ከወዲያኛው ክንፍ ትገፋለች። ታለቅሳለች ወይስ ጉሙ ነው፤ አልለየውም። ሃያ ሁለት። ሃያ ሦስት። ከኮረብታው ወገብ የድምፅ ማጉያው ጭብጨባ እየላከ ይሆናል፤ ለበሽር ግን ዓለሙ ሁሉ ጥጥ ነው። ሃያ አራት። ሃያ አምስት። ሃያ ስድስት።

ቁልፉ ሞተ። ከዚህ በላይ አይዞርም። ለማረጋገጥ አንዴ ሰውነቱን ጥሎበት ሞከረው። ተዘግቷል።

መዶሻውን አነሣ፤ ጉቶውን አንድ ጊዜ መታው።

ከዚያ ተቀመጠ። ለመንከስ ድፍረት አጣ። ያን ቀንም እኮ ከአንዷ በኋላ የመጣው ዝምታ ነበር።

ኢስራ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ ሰማች። አንዴ ዓይኗን ጨፈነች። ስትጨርስ ሊያነበው እንዲችል ፊቱ ላይ ቁጢጥ አለች፤ ቃሏንም አንድ በአንድ አወጣችው።

«ጋሽ ጸጋው ሁለታችንም ቢሮ እንዳንገባ አለ። ቧንቧው እንግዶቹ ፊት ነፋስ ተፋ። ከዚያ ከሪማ ደወለች፤ ቁጥሬን ሰጥቻት ነበር የወጣሁት። መንገድ ማዶ ናቸው፤ ሁሉም ወጥተዋል። የግንቡ ውሃ እየቀጠነ ነው ትላለች። አሁን ይንጠባጠባል። ግንቡ ከቀዳዳው በላይ ተሰንጥቋል፤ ክንዷን እንደሚያስገባ። ግን ቆሟል። አልወደቀም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ በሽር። ድምፁ ለራሱ አልተሰማውም፤ ጉሮሮው ሲንቀጠቀጥ ብቻ አወቀው።

ኢስራ አልተነሣችም። ዘንጉን ታያለች። የእሱን ጥርስ ምልክት በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«እንዴት ነው የሚያዘው?» አለችው።

«በፊት ጥርስሽ። አታጥብቂው። ትንፋሽሽን ያዢ።»

አጎነበሰች፤ ነከሰች። ጉሙ በመሀላቸው አለፈ፤ ፊቷን ሸፍኖ ገለጠው። መጀመሪያ ምንም አልነበረም፤ ራሷን ልትነቀንቅ ስትል አየ። ቀጥሎ ዓይኗ ተለወጠ። ቅንድቧ ቀስ ብሎ ወጣ፤ አንድ ሩቅ ቦታ ያለ ሰው ስሟን የጠራት መሰለች። ብረቱን ከጥርሷ ሳትለቅ ቀኝ እጇን አነሣች፤ የሰማችውን ልታሳየው በጣቷ የማንሆሉን ክዳን መታች።

አንድ።

በሽር ዘንጉን ሊነጥቃት ፈለገ፤ እጁ አልታዘዘውም።

ሁለት።

ጣቷ ከክዳኑ በላይ ቆመ። ሦስተኛው ካልመጣ ወጥቻለሁ ማለት ነው፤ በሽር ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ።